በመንዝ በግ ሱፍ የሚሠራ የትራውት ማጥመጃ ዝንብ፦ አሠራሩ፣ ዓይነቶቹና ሥራውን ለመጀመር መታወቅ ያለባቸው ጉዳዮች

በሰሜን ሸዋ ዞን በግሼ ወረዳ፣ በራቤል ከተማና በዙሪያዋ በሚገኙ የደጋ ቀበሌዎች የበግ እርባታ ከገብስና ከባቄላ ጋር የኑሮ መሠረት ሆኖ የኖረ ሥራ ነው። የመንዝ በግ በመባል የሚጠራው ዝርያ ብርዱን፣ ውርጩንና የግጦሽ እጥረቱን በመቋቋም የሚታወቅ ሲሆን፣ ከአብዛኞቹ የአገራችን በጎች በተለየ ገላው ሻካራ ሱፍ ለብሶ ይገኛል። ሴቶች ሱፉን ፈትለው፣ ወንዶች ሸምነው ባናና ዝተት ሲያወጡበት ብዙ ትውልድ አልፏል። ሙያው ዛሬም አልጠፋም። ይሁን እንጂ ፋብሪካ ሠራሽ ብርድ ልብስ በየገበያው በቀላሉ በሚገኝበት በአሁኑ ጊዜ፣ አንድ ዝተት ለማውጣት የሚፈሰው ድካም በዋጋው ይካካሳል ወይ የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም።

ይህ ማብራሪያ ያንኑ ሱፍና ያንኑ የእጅ ሙያ በሌላ መስክ ለመጠቀም ለሚያስቡ ዜጎች የተዘጋጀ ነው። መስኩ ለአካባቢው እንግዳ ነው፤ ትራውት የተባለውን ዓሣ ለማጥመድ የሚያገለግል ሰው ሠራሽ ዝንብ ማሰር ነው። ዝንብን በጭራ ሲያባርር ለኖረ ሰው ዝንብ ሠርቶ መሸጥ ፈገግ የሚያሰኝ ሐሳብ ሊሆን ይችላል። በሌሎች አገሮች ግን ይህ ራሱን የቻለ የእጅ ሙያ፣ የንግድ ዘርፍና የመዝናኛ መሣሪያ ነው። ሙያው የሚጠይቀው ትዕግሥት፣ የጣት ቅልጥፍናና የክር ዕውቀት ሲሆን፣ እንዝርት ይዞ ላደገ ሰው እነዚህ አዲስ አይሆኑም።

ዓሣውና ዝንቡ

ትራውት በቀዝቃዛ፣ በንጹሕና ፈጥኖ በሚፈስ ውኃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ ነው። ከምግቡ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት በወንዝ ድንጋዮች ሥር የሚኖሩ የነፍሳት ዕጮችና ከውኃው ላይ የሚያርፉ ነፍሳት ናቸው። ዓሣ አጥማጁ እውነተኛውን ነፍሳ በመንጠቆ ላይ ሊሰካው አይችልም፤ እጅግ ትንሽና ልስልስ በመሆኑ ይፈርሳል። ስለዚህ በትንሽ መንጠቆ ላይ ክር፣ ሱፍ፣ ላባና ሽቦ በመጠምጠም ነፍሳውን የሚመስል ነገር ይሠራል። ከውኃው ላይ የሚንሳፈፈው ደረቅ ዝንብ ይባላል፤ ከውኃው በታች ሰጥሞ የሚሄደውና ዕጩን የሚመስለው ደግሞ በተለምዶ ኒምፍ ተብሎ ይጠራል። ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው፤ ምክንያቱም ለመንዝ ሱፍ የሚስማማው እርሱ ነው።

ትራውት የኢትዮጵያ ተፈጥሯዊ ዓሣ አይደለም። ቡናማውና ቀስተ ደመናማው የተባሉት ሁለቱ ዓይነቶች ወደ ባሌ ተራሮች ወንዞች የገቡት ከኬንያ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው። እንደ ዌብና ዳንካ ባሉት ወንዞች ውስጥ ተላምደው ኖረዋል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ እንደመሆኑ፣ ወደ ዲንሾ ከሚመጡት ጎብኚዎች መካከል ዘንግ ይዘው የሚመጡ አሉ። ከራቤል እስከ ዲንሾ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ነገር ግን አንድ መቶ ዝንብ በአንድ የክብሪት ሣጥን ውስጥ ሊሄድ ስለሚችል የመንገዱ ርቀት ለዚህ ዕቃ እንደ እህል ወይም እንደ በግ ሸክም አይሆንም።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የጎረቤት አገር ኬንያ ተሞክሮ ሊታይ ይገባል። በኬንያ የማጥመጃ ዝንብ ማሰር በቅኝ ግዛት ዘመን ተጀምሮ፣ ከነጻነት በኋላም ቀጥሎ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚላክ የእጅ ሥራ ሆኗል። ሠራተኞቹ የሚከፈላቸው በአብዛኛው በደርዘን ነው። ይህ ተሞክሮ ሁለት ነገር ያስረዳል። አንደኛ፣ ሥራው በትንሽ ክፍልና በጥቂት መሣሪያ ሊሠራ ይችላል። ሁለተኛ፣ ለኢትዮጵያዊ ጀማሪ ተወዳዳሪው ሩቅ ያለ አገር ሳይሆን ለአሥርት ዓመታት የሠለጠነ እጅ ያለው ጎረቤት ነው። በመሆኑም ኬንያውያን የሚሠሩትን መቶ ዓይነት ዝንብ ለመቅዳት መሞከር ለጀማሪ አዋጭ አይደለም። የሚሻለው ሌላው የሌለውን ጥሬ ዕቃ ይዞ በአንድ ዓይነት ዝንብ ላይ መጽናት ነው።

የወንዝ ጠባቂው ዝንብ

ለመንዝ ሱፍ በጣም የሚቀርበው ጥንታዊ ዓይነት በእንግሊዝኛ ስሙ ኪለር በግ የተባለው ነው። ይህን ዝንብ የፈጠረው ፍራንክ ሶየር፣ በደቡብ እንግሊዝ በዊልትሸር ክፍለ ግዛት በላይኛው ኤቨን ወንዝ ላይ የወንዝ ጠባቂ ሆኖ ዕድሜውን ያሳለፈ ሰው ነው። ሶየር ምሁር አልነበረም፤ ሥራው ወንዙን ማጽዳት፣ ዓሣውን መንከባከብና ሕገ ወጥ አጥማጆችን መከላከል ነበር። በውኃው ዳር ቆሞ ዓሣው የሚበላውን ለዓመታት በመመልከት ያካበተውን ዕውቀት እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ ኒምፍና ስለ ትራውት ባሳተመው መጽሐፍ ለሕዝብ አቅርቧል።

የሶየር ዝንብ ከሦስት ነገሮች የተሠራ ነው፦ መንጠቆ፣ ሽቦና ሱፍ። ላባ የለበትም፤ ክንፍ የለበትም፤ ጭራም የለበትም። ማሰሪያ ክር እንኳ የለውም፤ ሽቦው ራሱ ክብደትም ማሰሪያም ሆኖ ያገለግላል። ሱፉ ደግሞ ለዝንብ ተብሎ የተዘጋጀ አልነበረም። ቻድዊክ የተባለ ድርጅት ለካልሲ መጠገኛ ይሸጠው የነበረ፣ በ477 ቁጥር የሚታወቅ ግራጫ መሰል ክር ነበር። ይህ ክር ሲደርቅ ምንም የማይስብ ሲሆን፣ ውኃ ሲነካው ግን ወደ ሐምራዊነት የሚያደላ ሞቅ ያለ መልክ ያወጣል። ሶየር የመረጠውም ስለዚሁ ነው።

የዚህ ክር ታሪክ ለሱፍ አምራች አካባቢ ትምህርት አለው። ፋብሪካው 477 ቁጥርን ማምረት ካቆመ ረጅም ጊዜ ሆኗል። ከዚያ በኋላ አጥማጆች አሮጌ ቀሪ ጥቅሎችን እንደ ቅርስ እየፈለጉ በውድ ዋጋ ሲገዙ ኖረዋል፤ ሌሎችም ተመሳሳዩን ፍለጋ ወደ ሼትላንድ ደሴቶች የበግ ሱፍ ዞረዋል። አንድ ተራ የካልሲ መጠገኛ ክር ይህን ያህል ሊፈለግ የቻለው ለስላሳ ወይም ጠንካራ ስለነበረ አይደለም። ቀለሙ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለነበረ ነው። ከመንዝ በግ የሚገኘው ያልተነከረ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ግራጫና ነጭ ሱፍ የራሱ መልክ አለው። ገዥ የሚያገኘው ግን ዛሬ የተላከው ቡናማና ከስድስት ወር በኋላ የሚላከው ቡናማ አንድ ሆነው ሲገኙ ነው።

ሱፉን ማዘጋጀት

ለዝተት የሚሆን ክር ለዝንብ አይሆንም። የዝተት ክር ወፍራምና ጠንካራ እንዲሆን ተፈልጎ የሚፈተል ሲሆን፣ የዝንብ ክር ቀጭን፣ ልል ያለና ውኃ የሚቀበል መሆን አለበት። ስለዚህ ዝግጅቱ ከሽለታው ይጀምራል። የትከሻውና የአንገቱ ሥር ሱፍ ይመረጣል፤ የሆዱ በቆሻሻ የተያዘ፣ የኋላ እግሩም ሻካራ በመሆኑ ለብቻው ይቀመጣል። የመንዝ በግ ሱፍ ከውስጥ ጥሩ ሱፍ፣ ከላይ ደግሞ ረጃጅምና ጠጣር ጠጉር የተቀላቀለበት ነው። ረጃጅሙ ጠጉር በእጅ እየተመዘዘ ቢወጣ የሚቀረው ሱፍ ለስላሳ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ማውጣት ግን አያስፈልግም፤ ከፊሉ ቢቀር ከዝንቡ ገላ ላይ እንደ እግር ብቅ ብቅ እያለ ለዓሣው ሕይወት ያለው ያስመስለዋል። ለሸማኔ ጉድለት የሆነው እዚህ ጥቅም ሊሰጥ ይችላል።

ሱፉ የሚታጠበው ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ነው። በእጅ መታሸት የለበትም፤ ከታሸ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠጥራል። ውስጡ ያለው የተፈጥሮ ቅባት መውጣቱ አስፈላጊ ነው፤ ምክንያቱም ቅባቱ ውኃ ስለሚመልስ ዝንቡ እንዳይሰጥም ያደርጋል። ከታጠበ በኋላ በጥላ ይደርቃል፣ በደጋን ይነደፋል፣ በእንዝርትም በቀጭኑ ይፈተላል። ልምድ ያላት ፈታይ ክሩን አላልታ ለመፍተል በመጀመሪያ ልትቸገር ትችላለች፤ እጇ የለመደው ማክረር ነውና።

ቀለሙን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ከእያንዳንዱ ፈትል አንድ አንድ ክር ቆርጦ በነጭ ሳህን ላይ በውኃ ውስጥ መዘርጋትና በቀን ብርሃን መመልከት ነው። በደረቅነታቸው አንድ የሚመስሉ ሁለት ቡናማዎች በውኃ ውስጥ አንዱ ወደ ቀይ፣ ሌላው ወደ ጥቁር ሲያደላ ይታያል። ዓሣው የሚያየው እርጥቡን እንጂ ደረቁን አይደለም። ስለሆነም ሱፉን በደረቁ አይቶ መመደብ በኋላ ለቅሬታ ይዳርጋል። ከእያንዳንዱ ምድብ ትንሽ ናሙና በወረቀት ላይ አስሮ፣ የተሸለተበትን ወርና የበጉን ቀለም ጽፎ ማስቀመጥ ይመከራል። የተዘጋጀው ሱፍ ብል እንዳይበላው በሚገባ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ መቀመጥ አለበት።

አሠራሩ

ለሥራው ከሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ዋናው መንጠቆውን ጨብጦ የሚይዝ ትንሽ ሞርሳ ነው። ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚሠራ ሞርሳ ከውጭ የሚመጣ ቢሆንም፣ የብረታ ብረት ባለሙያ አንድ ናሙና አይቶ ሊሠራው የሚችል ዕቃ ነው። ከዚያ ውጪ ሹል መቀስ፣ ትንሽ ፒንሳና ብርሃን ይበቃል። ሽቦው ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሲሆን፣ ከተቃጠለ ሞተር ወይም ትራንስፎርመር መጠምጠሚያ ውስጥ የሚወጣው ያገለግላል፤ የሞተር ጠምጣሚዎች ቁራጩን ሊሸጡ ይችላሉ። መንጠቆው ብቻ መገዛት አለበት። የዝንብ መንጠቆ በቁጥር የሚለካ ሲሆን፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል መንጠቆው ያንሳል፤ ለዚህ ዝንብ ከ10 እስከ 16 ያሉት የተለመዱ ናቸው። ለጀማሪ 12 ቁጥር ይሻላል።

መንጠቆው ጎባጣው ክፍሉ በሞርሳው ተይዞ፣ ቀጥ ያለው ዘንጉ ጋደም ብሎ እንዲታይ ይደረጋል። ከጫፉ ሥር ያለችው ወደ ኋላ የዞረች እሾህ በፒንሳ ብትደፈጠጥ መልካም ነው፤ ዓሣውን ሳይጎዱ መልሶ ለመልቀቅ ስለሚያመች ብዙ ገዥዎች ይህን ይጠይቃሉ። በመቀጠል ሽቦው ከመንጠቆው ዓይን ጥቂት ዝቅ ብሎ ይጀመርና ሳይነባበር፣ ሳይራራቅም እስከ ጎባጣው መጀመሪያ ይጠመጠማል፤ ከዚያ ተመልሶ በመሐሉ ላይ ሁለተኛ ንብርብር ይሠራል። ሁለተኛው ንብርብር ከሁለቱም ጫፍ አጠር ማለት አለበት። የዝንቡ ገላ መሐሉ ወፈር፣ ጫፎቹ ሾጠጥ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሲጨረስ ሽቦው ሳይቆረጥ በጎባጣው በኩል ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ሱፉ በዓይኑ በኩል ከሽቦው በላይ ይያዛል። አጀማመሩ ላይ የክሩን ጫፍ በራሱ ጥምጥም ሥር አድርጎ መሸፈን በቂ ነው። ከዚያ ወደ ጎባጣው፣ ከጎባጣው ወደ ዓይኑ፣ ከዓይኑም ተመልሶ ወደ ጎባጣው ይጠመጠማል፤ በጠቅላላው ሦስት ንብርብር ይሆናል። በመጨረሻ ተንጠልጥሎ የቆየው ሽቦ በሱፉ ጫፍ ላይ ሦስትና አራት ጊዜ ጠበቅ ተደርጎ ይዞርና በራሱ ቋጠሮ ይታሰራል፤ ትርፉም ሱፍና ሽቦ ይቆረጣል። ለአንድ ዝንብ የሚፈጀው ክር ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም።

ጀማሪዎች የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው ሱፍ ማብዛት ነው፤ ወፍራም ዝንብ የበለጠ የሚያምር ይመስላል፣ ግን ውኃ ውስጥ እንደ ጥጥ ኳስ ይሆናል። ሁለተኛው የመንጠቆውን ዓይን በሱፍ መሸፈን ነው። አጥማጁ በብርድ በደነዘዘ ጣቱ ክሩን በዚያ ዓይን ውስጥ ማሳለፍ ስላለበት፣ ዓይኑ የተደፈነ ዝንብ የቱንም ያህል ቢያምር ተመላሽ ይሆናል። ሦስተኛው የላላ ቋጠሮ ነው። ይህንን ለመፈተን የተጠናቀቀውን ዝንብ በሁለት ጣት ይዞ ሱፉን በመንጠቆው ዙሪያ ለማሽከርከር መሞከር ነው፤ ከዞረ ፈቶ እንደገና ማሰር ያስፈልጋል።

ስለ እርሳስ አንድ ማሳሰቢያ መስጠት ተገቢ ነው። ቀደም ባለው ጊዜ ዝንብ የሚከብደው በእርሳስ ሽቦ ነበር። እርሳስ ለሰውም ለወፍም መርዝ በመሆኑ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በአብዛኞቹ የማጥመጃ ክብደቶች ላይ እገዳ ተጥሏል። ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ እያወጡ ማቅለጥ፣ በተለይም ሕፃናት ባሉበት ቤት፣ ከባድ የጤና ጉዳት የሚያስከትል ስለሆነ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። መዳብ ለዚህ ዝንብ ይበቃል።

ከአንዱ ብዙ

የዚህ ዝንብ ጥቅም መሠረቱ ሳይለወጥ ብዙ መልክ መያዝ መቻሉ ነው። ቀላሉ ለውጥ የሱፉ ቀለም ነው። ጥቁሩ ለደፈረሰ ውኃ ይመረጣል፤ በጭቃማ ውኃ ውስጥ ጥላው ጎልቶ ይታያልና። ግራጫውና ቡናማው ለጠራ ውኃ ይሆናሉ። ነጩ ብቻውን ብዙም አይፈለግም፤ ከቡናማ ጋር አብሮ ተነድፎ ሲፈተል ግን ከሶየር ክር መልክ ጋር የሚቀራረብ ድብልቅ ሊገኝበት ይችላል። የድብልቁ መጠን በሚዛን ተመዝኖ ካልተጻፈ ግን ሁለተኛ ጊዜ ያንኑ ማግኘት አይቻልም።

ሁለተኛው ለውጥ ሽቦውን ከሱፉ በላይ አራርቆ ወደ ዓይኑ መጠምጠም ነው። መዳቡ በሱፉ ላይ እንደ ቀለበት እየታየ የዕጩን የገላ ክፍፍል ያስመስላል፤ ሱፉም በዓሣው ጥርስ እንዳይበጣጠስ ይጠብቀዋል። ይህ ለውጥ አንድ ደቂቃ ያህል ጊዜ ቢጨምርም ዝንቡን ዕድሜ ስለሚሰጠው የሚመከር ነው። ሦስተኛው በመንጠቆው ዓይን በኩል ትንሽ የነሐስ ዶቃ ማስገባት ነው። ዶቃው ዝንቡን በፍጥነት ወደ ታች የሚወስደው በመሆኑ ለጥልቅና ፈጣን ውኃ ያገለግላል። ዶቃ በሚገባበት ጊዜ ግን የሽቦው ንብርብር አንድ ብቻ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ዝንቡ እንደ ድንጋይ ይወድቃል።

አራተኛው የአንገት ላባ መጨመር ነው። ከዶሮ አንገት ወይም ጀርባ የተወሰደ አንድ ለስላሳ ላባ በጭንቅላቱ በኩል አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ቢዞር፣ ጭረቶቹ በውኃው እየተንቀሳቀሱ ዝንቡን ሕያው ያስመስሉታል። ለዚህ ገብስማ፣ ቀይና ጥቁር ዶሮዎች ሁሉ ይሆናሉ። ለበዓል ዶሮ ሲታረድ ገላው በፈላ ውኃ ተነክሮ ስለሚነጭ ላባው ይበላሻል፤ ስለዚህ የአንገቱና የጀርባው ላባ ከመነከሩ በፊት በደረቁ መነጨት አለበት። ከዚያም በሳሙና ታጥቦ፣ በጥላ ደርቆ በቀለም ይለያል። በበሽታ የሞተ ዶሮ ላባ መጠቀም ግን አይፈቀድም፤ እንደ ፈንግል ያሉ በሽታዎችን ከቤት ወደ ቤት ያዛምታል።

ሰፊ ስም ያላቸው ደረቅ ዝንቦችም በተመሳሳይ የዶሮ ላባ ይሠራሉ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1922 በአሜሪካ በሚቺጋን ግዛት ሌናርድ ሃላዴይ የሠራውና አዳምስ የተባለው ዝንብ የገብስማና የቀይ አውራ ዶሮ ላባ ድብልቅ ነው። ይህን የሚያነብ የመንዝ ሰው ሁለቱም ዶሮዎች በግቢው እንዳሉት አስቦ ሊበረታታ ይችላል። ሆኖም ደረቅ ዝንብ የሚንሳፈፈው ላባው ጠጣር፣ ጠባብና ረጅም ሲሆን ነው፤ ዛሬ በገበያ ላይ ያለው እንዲህ ያለ ላባ የሚገኘው ለዚሁ ሥራ ተብለው ለብዙ ትውልድ ተመርጠው ከተዳቀሉ አውራ ዶሮዎች ነው። የሐበሻ ዶሮ ላባ ሰፋና ለስለስ ስለሚል ለሚሰጥመው ዝንብ ምቹ ሆኖ ሳለ፣ ለተንሳፋፊው ያን ያህል አይሆንም። ጀማሪ ከዚህ ቢጀምር ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል።

ሕጉ የሚከለክለውና የሚጠይቀው

በውጭ አገር መጻሕፍት ውስጥ ለዝንብ የሚታዘዘው ላባ ብዙ ጊዜ የዱር ወፍ ላባ ነው። በአገራችን እንደ ጅግራና ቆቅ ያሉ ወፎችን አድኖ ላባቸውን ለንግድ ማዋል በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ሕግ የሚገዛ ጉዳይ በመሆኑ ያለ ፈቃድ አይቻልም። ኢትዮጵያ በመጥፋት ላይ ያሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት አባል በመሆኗም፣ እንዲህ ያለው ላባ በጉምሩክ ሲገኝ ባለቤቱን ለከባድ ችግር ይዳርጋል። የዶሮ ላባ ለሁሉም ይበቃል።

ሌላው ሊጠቀስ የሚገባው፣ አንዳንድ ዜጎች ዝንቡ ካለ ዓሣውንስ ከባሌ አምጥተን በአካባቢያችን ወንዝ ብንለቅ የሚል ሐሳብ ሊያድርባቸው የሚችል መሆኑ ነው። ትራውት አዳኝ ዓሣ ነው፤ ገብቶ ከተላመደ በኋላ ነባሮቹን ትናንሽ ዓሦችና ሌሎች የውኃ እንስሳት ይጎዳል፣ መልሶ ማውጣትም እጅግ አስቸጋሪ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም በአዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚመራ ሲሆን፣ ሕያው ዓሣ ከውኃ ወደ ውኃ ማዘዋወር በግል ውሳኔ የሚደረግ አይደለም። በባሌ ተራሮች ፓርክ ውስጥ ለማጥመድ የሚፈልግም አስቀድሞ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል።

ዝንብ እያሰረ መሸጥ የሚፈልግ ሰው እንደ ማንኛውም ነጋዴ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት መመዝገብ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማውጣትና ፈቃድ መያዝ አለበት። በማኅበር ተደራጅተው ለመሥራት የሚፈልጉ ወጣቶችና ሴቶች ጥያቄያቸውን በቅድሚያ በቀበሌያቸው በኩል ለወረዳው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ያቀርባሉ። ሱፍና ላባ የእንስሳት ውጤቶች በመሆናቸው ወደ ውጭ ሲላኩ የእንስሳት ጤና ማረጋገጫ የሚጠይቁ አገሮች አሉ፤ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ በዚህ ረገድ ጥብቅ ናቸው። ስለዚህ ትዕዛዝ ከመቀበል በፊት የተቀባዩን አገር መስፈርት ገዥው በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ማድረግና የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣንን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ገቢው ከየት ይመጣል

ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ሱፉ ገበያ እንደሚያገኝ ነው። ስሌቱ ግን ሌላ ያሳያል። ለአንድ ዝንብ አንድ ስንዝር ያህል ክር የሚበቃ ከሆነ፣ ከአንድ በግ የሚሸለተው ሱፍ በሺዎች ለሚቆጠሩ ዝንቦች ይበቃል። አንድ ሙሉ መንደር ዝንብ ቢያስር እንኳ የሚፈጀው የጥቂት በጎችን ሱፍ ነው። በመሆኑም ይህ ሥራ የሱፍ ገበያ ችግርን አይፈታም፤ የሚሸጠው የእጅ ሥራው ነው። አንድ ሰው አንዱን ዝንብ በ6 ደቂቃ ቢያስር በሰዓት 10፣ በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ 60፣ ማለትም 5 ደርዘን ያወጣል። ገዥው ለአንድ ደርዘን ከሚከፍለው ላይ የመንጠቆው ዋጋ ሲቀነስ የሚቀረው በ5 ተባዝቶ ከአካባቢው የቀን ሥራ ክፍያ ጋር ሊነጻጸር ይገባል። ካነሰ ሥራው ለክረምትና ለሥራ ፈት ጊዜ ብቻ የሚሆን ነው ማለት ነው። ስሌቱ ከመበደር በፊት መሠራት አለበት።

በቅድሚያ መገኘት ያለበት ገዥ ነው። የዓሣ ማጥመጃ ጉዞ የሚያዘጋጁ አስጎብኚ ድርጅቶች፣ በዲንሾ አካባቢ ያሉ ማረፊያዎችና በውጭ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች የመጀመሪያ በሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ሥልጠና ሰጥቼ ከውጭ ገዥ ጋር አገናኛለሁ በማለት ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ግለሰብ ወይም ድርጅት ሲያጋጥም፣ ዜጎች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት የንግድ ፈቃዱን እንዲመለከቱና ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ጥያቄ እንዲያቀርቡ ይመከራሉ። እውነተኛ ገዥ አስቀድሞ የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን ናሙና ነው።

ለናሙና የሚላከው በአንድ ቁጥር መንጠቆ፣ በአንድ ቀለም ሱፍና በአንድ እጅ የታሰረ አንድ ደርዘን ዝንብ መሆን አለበት። አሥራ ሁለቱ በነጭ ወረቀት ላይ በተርታ ተሰክተው ሲታዩ የገላቸው ርዝመትና ውፍረት እኩል ካልሆነ፣ ያልተመሳሰሉት ወጥተው በሌላ ይተካሉ። ከዚያው ምድብ ሁለት ዝንብና አንድ ክንድ ክር አሳሪው ዘንድ ይቀራል፤ ትዕዛዙ ከመጣ የሚሠራው ከዚያ ጋር እየተመሳከረ ነው።